በፈረስ የሞተው ንጉሥ

አለቃ ወልደሩፋኤል ራሳቸው ከምድጃው ድንጋይ ላይ ተፈንክቶ፣ ሰንጠረዡ ካጠገባቸው ተደርድሮ፣ ሞተው ተገኙ። የሰንጠረዥ ጨዋታ ጓደኛቸው፣ ነጋዴው ጀብሪል፣ ወዲያው ታሰሩ። ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊላኩ ነው። በደርግ ጊዜ እንዲያ ተጭኖ ሄዶ የተመለሰ እስቲ ማን ነበር?

መርማሪው አስር አለቃ አካሉ ፊደል የቆጠረው ከአለቃ እግር ሥር ነው። እንባውን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ሰንጠረዡ ላይ ጎንበስ አለ። የተደረደረው አለቃና ጀብሪል ሃያ ዓመት ሲሟገቱበት የኖሩት የጥንት እንቆቅልሽ ነው፤ ከዚያ ቤት ተነስቶ አያውቅም። አሁን ግን ተፈቷል። ነጩ ፈረስ ጥቁሩን ንጉሥ መሸሻ አሳጥቶታል። አካሉ ፈረሱን ሲያነሳው ከሥሩ ያለው የሰንጠረዡ ቤት ላይ ደም ደርቋል።

«እህህ!» አለና ሁሉንም አስጠራ። የአለቃ ልጅ ሸዋረግ መጣች። ወንድሟ ውበቱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሰዓቱን እያየ ገባ። የአለቃ ተማሪ ዲያቆን ስማቸውም ተከተለ። ጀብሪል እጃቸው እንደታሰረ መጡ።

አካሉ ፈረሱን ወደ ነበረበት መለሰው። «ዲያቆን፣ ነጩ እንዲያሸንፍ አድርግልኝ።»

«እኔ? ፈረሱን ከዝሆኑ አልለይም! አለቃ ሊያስተምሩኝ ሲጀምሩ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ጓድ ውበቱ፣ እርስዎስ?»

«መኪና እየጠበቀ በጨዋታ ትቀልዳለህ?» ፈረሱን አንስቶ ቷ አደረገው። «ይኸው፣ አለቀ!»

«ያ አላህ!» አሉ ጀብሪል። «ንጉሥ በፈረስ ይገደላል እንዴ ልጄ? እሱንማ ማን ያጣዋል! በእግረኛ መግደል ነው እንጂ ጭንቁ። እግረኛውን ባስቀድም ንጉሡ ወደ ጥግ ይሸሻል። ዝሆኑን ባስቀድም እግረኛዬን በልቶ ይወጣል። በፈረስ ያሸነፈ ሰው ወላሂ ሁለተኛ አለቃ ፊት አይቀመጥም፤ ነውር ነው!»

አካሉ ልቡ ተሰበረ። ባይሆን በወደደ ነበር።

«ደሙ ከፈረሱ ሥር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲያ ፈረሱ እዚያ የተቀመጠው አለቃ ከወደቁ በኋላ ነው። በጨዋታ የተጣሉ አስመስሎ በጋሽ ጀብሪል ለማላከክ ነው። ዲያቆኑ አካሄዱን አያውቅም። ሸዋረግ ከላላ ወረዳ ሰንብታ ዛሬ ነው የገባችው። ጋሽ ጀብሪል እንዲያ ከሚጫወቱ እጃቸው ቢቆረጥ ይሻላቸዋል። የቀረው አካሄዱን የሚያውቅ፣ ነውሩን ግን የማያውቅ ሰው ነው። በልጅነቱ ጀማምሮት ለትምህርት ደሴ የሄደ ሰው።»

ውበቱ ከግድግዳው ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ልገድላቸው አልመጣሁም» አለ። «የታናሼን የፈንታሁንን መርዶ ላረዳቸው ነበር። ደሴ ላይ ረሸኑት። አባባ ‹ታናሽህን ያስበላኸው አንተ ነህ!› ብለው አነቁኝ። ገፋኋቸው።»

«አስበልተኸው ነበር?»

«የተደበቀበትን ለደርግ ሰዎች የነገርኩ እኔ ነኝ። እንምረዋለን ብለውኝ ነበር፣ በእናቴ አጥንት!»

አካሉ የጀብሪልን እጅ ፈታ። ከዚያ ውበቱን አስነሳው። ሽማግሌው ነጻ መውጣታቸውንም የሰሙ ሳይመስሉ ፈንታሁንን እየጠሩ ይንሰቀሰቁ ጀመር።

ሸዋረግ ግን አላለቀሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የአባቷን አስከሬን አየች፤ በሩ ላይ የቆመውን ወንድሟን አየች።

«ጋሼ አካሉ» አለች፤ «የማለቅሰው ለየትኛቸው ነው?»