የማይመልሰው ጣውላ

አንድ ነገር ላስቀድም፣ እኔ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወራልኝ "ተው ባክህ፣ ቁርስህን በልተሃል?" ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በአናጢነት ስኖር፣ ስንት አሮጌ ቤት አፍርሼ፣ ስንት ኮርኒስ ውስጥ ተንፏቅቄ፣ ከአይጥ በቀር የወጣብኝ ነገር የለም። ሌሊት ነው፣ ሕልም ነው እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ውጭ የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ይጮሃል።

ቤቱ ከልደታ ማርያም ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ፣ በቅርስነት የተመዘገበ፣ ባለ በረንዳ የእንጨት ቤት ነው። ያሠሩት የእትዬ አስካለ አባት ናቸው፣ እትዬ አስካለም ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እዚያው ነበሩ፣ እሳቱ እስኪነሳ ድረስ። ላይኛው ፎቅ ሙሉ በሙሉ ነደደ፣ እሳቸው በጎረቤት ጀርባ ታዝለው ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ገቡ፣ ደረጃው ስለማይሆንላቸው ከቤት አይወጡም ነበር። ጥገናውን ስይዝ ሄጄ አነጋገርኳቸው። እጄን ይዘው፣ "ልጄ፣ እንዲያምርልኝ አይደለም፣ እሳት ያልበላውን የአባቴን እንጨት አንዱንም እንዳትጥልብኝ። እዚያው ገብቼ ልሙት" አሉኝ።

"ቃሌ ነው እትዬ፣ እያንዳንዱ ጣውላ የነበረበት ቦታ ይገባል" አልኳቸው።

ሥራውን የያዝነው ከደምሴ ጋር ነው። ደምሴ አብሮኝ ሙያ የተማረ፣ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ አበልጄ ነው፣ ከሱ በላይ የማምነው ሰው አልነበረኝም። ከእሳቱ የተረፈው የሳሎኑ ግድግዳ የድሮ ጥድ ነው፣ ጣውላውን በጠመኔ ቁጥር እየጻፍን አወረድንና፣ እሱ ጥላሸቱን አጸዳለሁ ብሎ ወደ ወርክሾፑ ወሰደው፣ እኔ ጣሪያው ላይ ቀረሁ። ከሁለት ወር በኋላ አምጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር ገጠመው፣ ምስጥ እንዳይበላው ብሎ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶት ጥቁር ብሏል። እጁን ይባርከው ብዬ አገላብጬ ሳምኩት። አይ እኔ!

በዚያ ቅዳሜ ሠራተኛው ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ፣ እኔ ግን ርክክቡ ስለደረሰ ጣውላውን አንድ ባንድ ልፈትሽ ብዬ ቀረሁ። እሳት አጠገቡ ያለፈ እንጨት ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይከስላል፣ ስለዚህ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን መስማት ነው። የመጀመሪያውን ኳ ኳ አደረግኩት።

ከጀርባው ኳ ኳ አለ።

አይጥ ነው አልኩ። ሦስት ጊዜ መታሁ፣ ሦስት ጊዜ መለሰ። የሰፈር ዱርዬ ሊጫወትብኝ ነው ብዬ በረንዳውን ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ የግቢውን በር ራሴ ከውስጥ እንደቀረቀርኩት ነው። ተመልሼ አምስት ጊዜ መታሁ፣ አምስት። በስመ አብ! ለምን ጥለህ አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም አላውቀውም፣ እመኑኝ፣ እጄ ራሱ ወደሚቀጥለው ሄደ። እሱም መለሰ፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ዝም። አምስተኛው ዝም። ስድስተኛው መለሰ። ዝም ባሉት ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረግኩ ግድግዳውን ጨረስኩት፣ ግማሹ ዝም ብሏል።

ዝም ካሉት አንዱን ነቅዬ ገለበጥኩት። የድሮው ጥድ ጀርባው በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፣ ይሄ ግን የኤሌክትሪክ መጋዝ ያለፈበት ነጭ አዲስ ባሕር ዛፍ ነው። ሌላ ነቀልኩ፣ ያው። ከሚመልሱት የመጀመሪያውን ነቀልኩ፣ ቀይ፣ በመጥረቢያ የተጠረበ፣ የጥድ ሽታው ገና ያልለቀቀው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው።

ደወልኩለት፣ መጣ። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ "ልደታን! እኔ የማውቀው ነገር የለም!" ብሎ ማለ። ከመዳፉ ሥር አንድ ጊዜ ኳ አለ። እሳት እንደነካው እጁን ሰበሰበ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ እሱም ሰምቷል ማለት ነው።

"ምንድነው እሱ?"

"አንተ ንገረኝ እንጂ" አልኩት።

"በቃ፣ ሸጥኩት፣ ሆቴል የሚያሠራ ሰው ፈለገው። አሮጊቷ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ማን ያውቃል? አበልጄ፣ ልጅህን ያነሳሁ ሰው ነኝ እኮ፣ ታሳስረኛለህ?"

ምን እላለሁ? ሰው አበልጁን ይከሳል? የነቀልኩትን መልሼ በምስማር መታሁ፣ ጠመኔውን በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ ከደምሴ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለንም።

በርክክቡ ቀን እትዬ አስካለን የሰፈሩ ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ሳሎኑ መሃል ተቀምጠው ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ሁሉም የአባቴ ነው?" አሉኝ።

"ሁሉም፣ እትዬ።"

ከዘራቸውን አንስተው አጠገባቸው ያለውን ጣውላ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። ዝም። ከጎኑ ያለውን መቱ፣ እሱ ትክክለኛው ጥድ ነበር፣ በእጄ ገልብጬ ያየሁት፣ አምስት ጊዜ የመለሰልኝ። ዝም አለ። ጆሯቸውን አስጠግተው ጠበቁ። ከዚያ ከዘራውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው፣ "ከልጅነቴ ጀምሮ ይመልስልኝ ነበር፣ ምን አድርጋችሁት ነው ያኮረፈው?" አሉኝ።

የቤቱን ቁልፍ እጃቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

እትዬ አስካለ አሁን እዚያ ናቸው፣ ቤቱም ያምራል ይባላል። የእኔ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ እንጨት የሌለው፣ ድፍን ኮንክሪት። ከርክክቡ ሳምንት ጀምሮ ግን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሳሎኑ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ይላል። ባለቤቴ ጎረቤት ምስማር እየመታ ነው ትላለች፣ በዚያ በኩል ግን ጎረቤት የለንም፣ ባዶ አየር ነው፣ አራተኛ ፎቅ ነን። ኳ ኳ ይልና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ይላል። እኔም እጄን አነሳና መልሼ አወርደዋለሁ። ምን ብዬ ልመልስለት?