ያልደረቀ ጀሶ

«ውጪያ» አለች ጓደኛዋ ሚካል ከኋላዋ።

ኡምኩልሱም አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጋ ቆማለች። በእጇ የያዘችው ቅጽ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። አሥራ አራት ሣጥን፣ አሥራ አራት «ደህና»፣ ከግርጌው የእሷ ፊርማ። ቅጹ የሚለው ብሎክ ሰባትን ከምድር እስከ ሦስተኛ ፎቅ አይታ መውረዷን ነው። እሷ ግን ገና አልወጣችም።

«ከሞላሽው ለምንድን ነው የምንወጣው?»

«አባ ደወለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርክክብ ነው። የእያንዳንዱን ፎቶ ይፈልጋል።»

«ስንት ቀን ነው ሳትወጪ የፈረምሽው?»

«ዘጠኝ።»

«አቦ ኡሚ፣ አንቺማ ከአሁኑ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነሻል።»

ኡምኩልሱም አልሳቀችም። ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሠራተኛው ሁሉ ምሳ በልቶ ጫት ሊቅም ወደ በርጫው ሄዷል። ከጭሮ በላይ ያለው የሀረዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በዚህ ሰዓት ጭር ይላል፤ ከታች ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። ደረጃው ላይ ፀሐይ አለ። ያስፈራትም ይኸው ነው። ጨለማ ቢሆን ኖሮ በጨለማው ታሳብብ ነበር።

አባቷ አብዱልቃዲር የግቢው የግንባታና የእድሳት አስተባባሪ ነው። አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለት መማሪያ ሕንፃ፣ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያና ይህ የሴቶች ማደሪያ፣ አምስቱም በእሱ ትከሻ ላይ ናቸው። ረዳት ስጡኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጽፏል። ሦስቱም ጊዜ የመጣው መልስ «በያዙት የሰው ኃይል ይሥሩ» የሚል ነበር። የያዘው የሰው ኃይል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ናት። ኡምኩልሱም ከጠዋት ፈረቃ ስትለቀቅ ቢሮው መጥታ ምሳዋን ትበላለች፣ ከዚያ ወጥታ ምስክሮቹን ታያለች።

«ምስክር» የሚለውን ስም ያወጣው አባቷ ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ጀሶ በአግድም ይለጠፍና ቀን ይጻፍበታል። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ጀሶው እንዳለ ይኖራል። ግድግዳው የፀጉር ያህል ከተላወሰ ጀሶው ለሁለት ይከፈላል። ብሎክ ሰባት የቆመው በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት በሚያብጥ ጥቁር አፈር ላይ ነው። አምና ሲሰነጠቅ ተማሪዎቹ ወጡ፤ ክረምቱን መሠረቱ ተጠናክሮ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ ለበሰ። በሐምሌ የተለጠፉት ምስክሮች እስከ መስከረም አጋማሽ ሳይሰበሩ ከቆዩ ሁለት መቶ አርባ ሴቶች ቅዳሜ ይገባሉ።

መስከረም ዘጠኝ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ሳለች የዘጋችው በር ከኋላዋ ተከፈተ። ነፋስ አልነበረም። ከኮሪደሩ ጫፍ ደግሞ አንድ ነገር ተጎተተ፤ ሸርተት፣ ሸርተት። እሷ ስትቆም እሱም ቆመ። እየሮጠች ወረደች። አሥረኛ ክፍል ደርሳ፣ የመሐንዲስ ልጅ ሆና፣ ፎቅ ፈራሁ ብላ ለአባቷ ልትነግረው አልቻለችም። በማግስቱ ታች ቆማ «ደህና» ብላ ስትጽፍ ደጋግማ ወደ ላይ አየች። በሦስተኛው ቀን ቀና አላለችም። በአምስተኛው ቀን ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ብስኩት እየበላች ጻፈችው። በዚህ አገር «ደህና ነው» የሚለው ቃል ከሲሚንቶ የበለጠ ፎቅ አቁሟል፤ እሷም እንደ ትልልቆቹ ቶሎ ለመደችው።

«እኔ ልቅደም?» አለች ሚካል።

«አይ። ተከተይኝ።»

ሦስተኛው ፎቅ አዲስ ቀለም ይሸታል። በየበሩ ላይ የነዋሪዎቹ ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ሦስት መቶ ስምንት፦ የሺሐረግ፣ ጣሂራ፣ ሀኒፋ፣ አብርሆት። ገና ያልመጡ አራት ሰዎች። አልጋዎቹ ባዶ ናቸው፣ በሮቹ ግን ሁሉም ተከፍተዋል፤ ሁሉም እኩል፣ አንድ ሰው እየዞረ በልክ የከፈታቸው ይመስል።

ሚካል አንዱን ገፋችው። ሊዘጋ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ስትለቀው ቀስ ብሎ ተመልሶ እዚያው እነበረበት ላይ ሆነ።

«እንጨቱ አብጦ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ሁሉም አበጡ?»

ኡምኩልሱም መልስ ልትሰጥ ስትል እስክሪብቶዋ አመለጣት። ወለሉ ላይ ወድቆ መንከባለል ጀመረ። ሁለቱም ቆመው አዩት። በኮሪደሩ መሃል እየተንከባለለ፣ በሦስት መቶ አሥር በኩል፣ በሦስት መቶ አሥራ ሁለት በኩል፣ ፍጥነቱን እየጨመረ ሄደ፤ ጫፍ ካለው ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ቀጭ አለ።

«ኡሚ፣ ፎቶሽን አንሺና እንውረድ» አለች ሚካል በሹክሹክታ።

ምስክር አሥራ አንድ አልተሰበረም። አሥራ ሁለትም አልተሰበረም። አሥራ ሦስትም፣ አሥራ አራትም ነጭ፣ ለስላሳና ሙሉ ናቸው፤ ቀኑም እላያቸው ላይ ነው፣ 12/11/17። ኡምኩልሱም ዘጠኝ ቀን የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። እንግዲህ አልዋሸችም ማለት ነው። ሳታይ የጻፈችው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ልቧ ቀለል አላትና አሥራ ሁለተኛውን እንደ ልጅ ጉንጭ መታ መታ አደረገችው።

ቀዝቃዛ ነበር። ጣቷን ስታነሳ የጣቷ ዱካ ጀሶው ላይ ቀረ።

«እርጥብ ነው» አለች።

«ዝናብ ገብቶ ይሆናል።»

«በሐምሌ የተለጠፈ ጀሶ አጥንት ነው የሚሆነው።» ስልኳን አወጣች። አባቷ ሥራውን ባሳያት ቀን ያነሳችው ፎቶ አለ። ከግድግዳው ጎን ያዘችው። ቁጥሩ ያው ነው። ግን አባቷ ቶሎ ቶሎ ነው የሚጽፈው፤ እዚህ ያለው እንደ ጥልፍ ተስሏል፣ እያንዳንዱ መስመር በቀስታ፣ በጥንቃቄ። በሐምሌ አባቷ ሰባትን ሲጽፍ እስክሪብቶው አዳልጦት ከቁጥሩ ጎን ትንሽ ጭረት ተሠርታ ነበር። ያቺ ጭረትም አለች። አንድ ሰው ስህተቱን እንኳ ሳይቀር ገልብጦታል።

ሚካል ክንዷን ያዘቻት። «ይሄን ማን ነው የሚጽፈው?»

ከሦስት መቶ አሥራ አራት ውስጥ ሸርተት የሚል ድምፅ መጣ። ቆመ። እንደገና ሸርተት።

ሁለቱም ሳይሮጡ ወደ በሩ ዞሩ። መጀመሪያ ከበሩ የወጣው ባልዲ ነው። ቀጥሎ እጅ፣ እስከ ክርኑ ነጭ የሆነ። ከዚያ ለሳኙ ጋሽ ህሩይ ጎንበስ ብለው ወጡ። አዲሱን ሴራሚክ እንዳያቆሽሹ ሁለት እግራቸውን በፌስታል አስረዋል፤ የሚሸረተተው እሱ ነበር።

«እናንተ ልጆች፣ ጫማችሁን ጠርጋችኋል?» አሉ።

ሚካል መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለች። «ገድለውን ነበር እኮ ጋሼ።»

ኡምኩልሱም ግን ባልዲውን ነበር የምታየው። ውስጡ ጀሶ አለ። «ጋሽ ህሩይ፣ ይሄን የሚለጥፉት እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። «አየሽው? ልዩነቱ አይታወቅም አይደል? አባትሽ እጁን ያሳረፈበት ሥራ ተሰንጥቆ ሰው ሲያየው ምን ይባላል? ኮሚቴው ሳያይ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየዞርኩ እደፍንለታለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጽሑፉንም እንዳለ አስመስዬ ነው የምስለው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አዲስ ዓመት አልፎ፣ ያ ትልቁ ዝናብ ከጣለ ማግስት። ይሄኛው» አሥራ ሁለተኛውን ጠቆሙ፣ «አራት ጊዜ ነው የተሰነጠቀብኝ። መጀመሪያ ጥፍሬም አይገባበትም ነበር። ዛሬ ትንሿ ጣቴ ገባች። ጀሶው መጥፎ ነው መሰለኝ።»

ጀሶው መጥፎ አልነበረም። ለሠላሳ ዓመት ግድግዳ ለለሰነ ሰው ያ ጀሶ ለምን እንደተለጠፈ አንድም ሰው ቆሞ አልነገረውም፤ ለአንድ ለሳኝ ማን ያስረዳል? እሳቸው የተሰነጠቀ አዩ፣ ደፈኑ። ሥራቸው ነው። የእሷም ሥራ ወጥቶ ማየት ነበር። ከዘጠኙ ቀን አንዱን ብቻ ብትወጣ እርጥቡን ታገኘው ነበር፤ ወይም እሳቸውን።

ደረጃውን ሲወርዱ ሚካል ጆሮዋ ሥር ተናገረች። «ሽማግሌው ደፍነውታል በያቸው። እውነት እኮ ነው። ስለ ሌላው ማንም አይጠይቅሽም።»

ኡምኩልሱም እውነት መሆኑን አሰበች። ደስ የሚል እውነት ነበር። እሷን አይነካም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የርክክብ ኮሚቴው በዚያው በብሎክ ሰባት፣ በምድር ቤቱ አዳራሽ ተቀምጧል። አምስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ በፕላስቲክ። አባቷ ቆሞ ነበር፤ ሲያያት ፈገግ አለ። «ነዪ ኢንተለ ኮ፣ ነዪ ልጄ። ፎቶውስ?»

ስልኳንና የዛሬውን ቅጽ ሰጠችው። «አባ፣ ምስክሮቹ አዲስ ናቸው። ጋሽ ህሩይ ናቸው የደፈኗቸው። ይሰነጠቁ ነበር።»

የአባቷ ፈገግታ ጠፋ። ተከትለዋት ወርደው በር ላይ ባልዲያቸውን ይዘው ወደቆሙት ሽማግሌ ዞረ። «ጋሽ ህሩይ? ከመቼ?»

«ከሳምንት በላይ ነው ኢንጂነር። በየቀኑ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንድምአገኝ የቅጾቹን ክምር ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ቅጹ እንዲህ አይልም። መስከረም አሥር፣ ደህና። አሥራ አንድ፣ ደህና። አሥራ ሁለት፣ ደህና።» እስከ አሥራ ስምንት አንድ በአንድ አነበቡት። «ተፈርሞበታል። በየቀኑ ቢሰነጠቅ በየቀኑ እርጥብ ጀሶ ይታይ ነበር። ስለዚህ ሰውዬው የነካካው ዛሬ ነው፤ የአንድ ቀን ስንጥቅ ቀለም ሲደርቅም ይመጣል። እሱ ይሰናበት፣ እኛ እንፈርም። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

«በየቀኑ ነው ያልኩት ጌታዬ» አሉ ጋሽ ህሩይ።

«ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ይላል።»

አባቷ ሽማግሌውን አየ፣ ቅጾቹን አየ። «ልጄ በየቀኑ ወጥታለች» አለ በመጨረሻ። ሊያሞግሳት አልነበረም። ስላመናት ነው።

ከላይ፣ ከጣሪያው ባሻገር፣ ረጅም ድምፅ መጣ፤ የተኛ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ እንደሚሰማው ያለ። የውሃው ፕላስቲክ ውስጥ ክብ ክብ ሞገድ ታየ። ኡምኩልሱም አምስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከተች። ማንም ቀና አላለም። አንዱ እስክሪብቶውን ከፈተ።

ጋሽ ህሩይ ዓይናቸውን ወደ እሷ አላዞሩም። ባልዲያቸውን መሬት አስቀምጠው ከእግራቸው ላይ ፌስታሉን ይፈቱ ጀመር፤ ከሥራ ተባሮ እንደሚሄድ ሰው ሳይቸኩሉ። ሚካል ከመስኮቱ ውጪ ሆና በእጇ «ነዪ፣ እንሂድ» ትላለች።

«አባ።»

«ቆይ ኡሚ።»

«ጋሽ ህሩይ እውነታቸውን ነው። ቅጹ ነው የሚዋሸው። ታች ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አባቷ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ኡምኩልሱም ቢቆጣት፣ ቢጮህባት ደስ ባላት።

አቶ ወንድምአገኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅ ናት፤ ደንግጣ ነው። ሂጂ እቤትሽ እናቴ፣ ይሄ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው። አባትሽ ማታ ያነጋግርሽ።»

ኡምኩልሱም ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ከክምሩ ውስጥ የመጀመሪያውን የሐሰት ቅጽ ፈልጋ አወጣችና ሁሉም በሚያዩት ቦታ ዘረጋችው።

«መስከረም አሥር» አለች። ጣቷን ፊርማዋ ላይ አደረገች። «ከዚህ ልጀምር።»