የማክሰኞ ዋጌ ልጅ

ላራስ ስትጮህ እኔ ጓዳ ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ልጅ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ይሮጣል፤ አመሌ ነው። እጄን እንኳ ሳላደርቅ ገባሁ።

«ኡቲ፣ አለቀልኝ! ስክሪኑን ይዩልኝ!»

ኡቲ የምትለኝ አያቷ ስለሆንኩ ነው፤ ከእኔ ሌላም ሰው የላትም። እዚህ ላዌያን ሰፈር ቤቱ ሁሉ ባቲክ ይሠራል፤ በሰም ተነቅሶ የሚነከር ጨርቅ ነው። ላራስ ንድፉን በኮምፒውተር ትስላለች፤ የመዳብ ማኅተም ቀራጩ ከእሷ ወስዶ ይቀርጸዋል።

ቀርቤ አየሁት። በከፈተቻቸው መስኮቶች ዙሪያ የነበረው ለስላሳ ጥላ ጥቁር ዘንግ ሆኖ አበባዎቿ ላይ ተጋድሟል። አንዱን መስኮት ስትጎትተው ምስሉ እየተቀዳደደ ከኋላው ይቀራል፣ ባልደረቀ ቀለም ላይ እጅ ያለፈ ይመስል።

«ሙቀት ነው» አልኳት። «እርጥብ ጨርቅ ጣል ላድርግበት?»

«ኡቲ! ኤሌክትሪክ እኮ ነው!»

ጎረቤት ከገበያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ ብሎ ላከልን። በዝናብ መጣ። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጃትሚኮ ይባላል። ላራስ ቀና ብላ አየችውና ወዲያው ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። እኔ ግን አየሁ፤ የማየው አይጠፋኝም።

የስክሪኑን ምስል በኮምፒውተሩ ቀርጾ ወደ ስልኩ ላከና አሳየን።

«ጥቁሩ ነገር ስልኬም ላይ አለ። ስለዚህ ስክሪኑ ጥፋት የለበትም። አዲስ እንዳትገዙ።»

ቀጥሎ የገጹን ማሳመሪያ ሁሉ አጠፋው፤ ጥላውን፣ ከጀርባ ያለውን የሚያሳየውን ስስ ሽፋን፣ መስኮት ሲከፈት የሚወዛወዘውን። ገጹ እንደ ደብተር ደረቅ ሆነ፤ ንድፉ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ዳነ!» ብላ አጨበጨበች።

«አልዳነም። ዝም አለ እንጂ።»

ከዚያ ማሳመሪያዎቹን አንድ በአንድ መለሰ። ጥላውን ብቻ መለሰ፤ ተበላሸ። አጥፍቶ ስሱን ሽፋን ብቻ መለሰ፤ እሱም ተበላሸ። እያንዳንዱን ወረቀት ላይ ይጽፋል።

«ሁሉም በአንድ ቀን ሌባ አይሆኑም» አለ። «የሚያልፉበት በር ነው የተበላሸው። ሰሞኑን ምን አደስሽ?»

«ማሽኑ ‹ልታደስ?› አለኝ፤ እሺ አልኩት።»

«ለጠየቀሽ ሁሉ እሺ ትያለሽ?»

«ለማሽን ብቻ ነው፣ ማስ።»

ማስ እኛ ዘንድ ወንድሜ እንደማለት ነው። እሷ ግን እንደ ወንድም አላለችውም።

ጥፋተኛው ድራይቨር የሚሉት ነገር ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩና ምስል የሚያወጣው ካርድ ቋንቋቸው ስለማይገጥም መሀል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው አለኝ። አዲሱ አስተርጓሚ ይሳሳታል፤ አሮጌውን መለሰው። ጥላውም ሽፋኑም ተመለሱ፣ ንድፉም ሰላም ሆነ። ሲሄድ ወረቀቱን ለላራስ ተወላት፤ አናቱ ላይ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ» ብሎ ጽፎበታል። ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ።

በሳምንቱ ስክሪኑ እንደገና ተበላሸ። ጃትሚኮ መጣ፣ ተቀመጠ፣ አየና ወደ ላራስ ዞረ።

«ድራይቨሩ ታድሷል።»

«በራሱ ይሆናል» አለች ላራስ።

«በራሱ እንዳይታደስ ዘግቼው ነበር። ያለ ይለፍ ቃል አይሆንም። ይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«ኡቲ ያውቃሉ።»

«እኔ?» አልኩ። «ማብሪያውን እንኳ የማላውቀው ሴትዮ?»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱ አሮጌውን መልሶ ጫነ፤ ጥድፊያ ግን አልነበረውም። በዚያ ወር ማሽኑ አራት ጊዜ ታመመ። በመጨረሻማ ማሽኑ ሳይታመምም ይመጣ ጀመር።

ሰው ደስ ሲለው እኔ እፈራለሁ። ምክንያት አለኝ። በእኛ አገር ሰው ከሰባቱ ቀን በተጨማሪ ከአምስቱ የገበያ ቀኖች አንዱን ይዞ ይወለዳል። በዋጌ የተወለደና በፓሂንግ የተወለደ አይጋቡም፤ ቢጋቡ ሞት ቤታቸውን ቶሎ ያገኘዋል ይባላል። የላራስ እናት፣ ልጄ፣ ይህን ንቃ አገባች። በአራተኛው ዓመት ከባሏ ጋር በአንድ ሞተር ሳይክል እንደወጣች ቀረች። ላራስን በሁለት ዓመቷ ከጎረቤት እቅፍ ተቀበልኳት። ላራስም ራሷ ፓሂንግ ናት።

ስለዚህ አንድ ቀን ላራስ ወጣ ስትል ጃትሚኮን ልደቱን ጠየቅሁት። ቀኑን ነገረኝ። የድሮውን መቁጠሪያ አውጥቼ ቆጠርኩ፤ ማክሰኞ ዋጌ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዋጌ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ሻይ ሰጠሁት።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ድኗል አይደል?»

«ድኗል፣ ኡቲ።»

«እንግዲህ ከዳነ፣ ሐኪም ምን ያመላልሰዋል?»

ሻዩን አልነካውም። እኛ ዘንድ ወጣት ሽማግሌን «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

«እሺ፣ ኡቲ» አለና ጫማውን አጠለቀ።

ለላራስ አልነገርኳትም። እሱም እንዳልነገራት ያወቅሁት በየደቂቃው ስልኳን ስትገልጥ አይቼ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መልእክት ላከላት፤ ባታም ደሴት ሥራ አግኝቻለሁ፣ ደህና ሁኚ የሚል ብቻ። ጮክ ብላ አነበበችልኝና «ሲቀልድብኝ ነው የከረመው ለካ» አለች። እውነቱን ደበቅኋት፤ እድሜ ልኳን ታልቅስ፣ ብቻ በሕይወት ትኑር ብዬ።

ከወራት በኋላ ስክሪኑ ከልቡ ተበላሸ። አሁን ያደሰው ሰው አልነበረም፤ ያኔ ላራስ የከፈተችው መዝጊያ ክፍት ቀርቶ ማሽኑ ራሱን አደሰ።

«ሌላ ሠራተኛ ላስጠራ?» አልኳት።

«አያስፈልግም።»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣች። ምስሉን ቀርጻ ስልኳ ላይ አየች። ማሳመሪያውን ሁሉ አጠፋች። አንድ በአንድ መለሰች፣ አንድ በአንድ ጻፈች። አሮጌውን ድራይቨር ፈልጋ ጫነች። ግማሽ ቀን ፈጀባት። ገጹ ሲጠራ አላጨበጨበችም።

«ጎበዝ» አልኳት።

«እኔ ምን አደረግሁ? እሱ የጻፈውን ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ለጋብቻ የመጣውን ሁሉ «እሺ አያቴን ልጠይቅ» ብላ ትሸኛለች፤ እኔን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ረቡዕ ላራስ ንድፍ ልታደርስ ወጥታ ሳለ ቡ ሱላስትሪ የምትባል ወይዘሮ መጣች፤ የልጇን የሠርግ ባቲክ ልታዝዝ። ሙሽራው የሚታጠቀውን፣ ሙሽራዋም የምትለብሰውን።

«ቀኑን አስቆጠራችሁ?» አልኳት፤ እንዲያው ወግ ለማድረስ።

«ልጅቷም በክሊዎን ቀን የተወለደች፣ ልጄም ክሊዎን። ሰላም ነው አሉን። የኔው ረቡዕ ክሊዎን ነው፣ ጃትሚኮዬ። ባታም ነው የሚሠራው፤ ድሮ እዚሁ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። ያውቁት ይሆን?»

የድሮውን መቁጠሪያ አነሳሁ።

«ማክሰኞ ዋጌ አይደለም እንዴ?»

«ወረቀቱ ላይማ ማክሰኞ ነው!» ብላ ሳቀች። «የመግሪብ አዛን ካለቀ በኋላ ነው የወለድኩት። ያኔ ረቡዕ ክሊዎን ገብቷል። ይህ እርስዎን ይጠፋዎታል?»

አይጠፋኝም። ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚለወጥ እኛ አገር ሕፃን ያውቃል። መቁጠሪያ አውጥቼ ሁለት ጊዜ ስቆጥር፣ በስንት ሰዓት ተወለድክ አላልኩትም። ክሊዎን ከፓሂንግ ጋር ክልክል የለበትም፤ ፍርሃቴ አጣደፈኝ።

ላራስ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሻዩን፣ ሐኪሙን፣ ዋጌውን፣ አዛኑን። ቆማ ሰማችኝ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ዋጌ ቢሆን ኖሮስ፣ ኡቲ?»

«ያማ ሌላ ነው፤ ያኔ ለነፍስሽ ብዬ…»

«ዋጌም ቢሆን አገባው ነበር። የእሱን ቀን ከመጠየቅዎ በፊት እኔን ቢጠይቁኝ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ደውይለት» አልኳት። «ለሠርጉ ገና ወር አለ። እኔው ልንገረው፤ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ልጅቷስ? እሷ ምን አደረገችን?» ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ትእዛዙን ተቀበሉ?»

«ነገ ጠዋት ሄጄ እመልሰዋለሁ።»

«አይመልሱም። እናቱ ምን ብለው ያስባሉ?»

ኮምፒውተሩን አብርታ አዲስ ገጽ ከፈተች። ከኋላዋ ቆምኩ፤ ትከሻዋን ልነካ እጄን አንስቼ መለስኩት። የመጀመሪያውን መስመር ሳበች፣ አጠፋችው፣ እንደገና ሳበች።

«ኡቲ» አለች ሳትዞር፤ «ሙሽራዋ ምን ዓይነት አበባ ነው የምትወደው?»

«እንጃ ልጄ» አልኳት። «አልነገረችኝም።»

«እንግዲያው እኔ የምወደውን አደርግላታለሁ» አለችና መሳሏን ቀጠለች።