ማንም ያልከፈተው ካዝና

የይለፍ ቃል የሚጠብቀውን ፕሮግራም የሠራው መሐንዲስ ሰርቨሮቹ ካሉበት ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ አየሩን ጨርሶበት፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎበት። ጋዙ እንዲለቀቅ የታዘዘው ከጥበቃ ክፍሉ ኮምፒውተር፣ በሩ የተቆለፈውም በዘበኛው ቁልፍ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ዘበኛ በካቴና ታስሮ ጥግ ተቀመጠ። ድሃ ሲጠረጠር ማን ምስክር ይጠራል?

ኮምፒውተሩ ግን ያለ ይለፍ ቃል አይታዘዝም። ቃሉ ደግሞ ተመስጥሮ፣ ለማንም እንዳይነበብ ሆኖ፣ ሟቹ «ካዝና» በሚለው ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ያን ጊዜ የት ነበሩ?» አለች መርማሪዋ።

«ጓሮ። ሥራ አስኪያጁ መኪናዬን እጠብ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት በሩን ጠብቄ፣ እድገቴ ባልዲ ሆነ።»

«ቁልፍዎስ?»

«እዚያው ጥበቃ ክፍል፣ ሚስማሩ ላይ።»

ወደ ሟቹ ሚስት ወንድም ዞረች፤ እሱም እዚያው ፕሮግራም ጸሐፊ ነው።

«ቃሉን ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። ካዝናው ራሱ ያወጣዋል፤ እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ፊደል ነው። የከፈተውን ሰው ስም ይመዘግባል፤ ዛሬ የከፈተው የለም።» ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም።

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አስተካከለ። «ምን ያደክምዎታል? ይሄ መሃይም በሟቹ ትከሻ አሻግሮ አይቶ ገልብጦታል። ሃያ ፊደል የሚይዝ ጭንቅላት የለውማ! ኪሱን ያስፈትሹት።»

ዘበኛው ጥርሱን ነከሰ። ስድቡ አዲስ አልነበረም፤ የዛሬው ግን እስር ቤት ሊያስገባው ነው።

መርማሪዋ የካዝናውን ስክሪን ስታገላብጥ ቆይታ ሁሉንም ወደ ስብሰባ አዳራሹ ጠራች።

«ካዝናውን ሰው አልከፈተውም» አለች። «ፕሮግራሙ ራሱ ግን በየሰዓቱ ቃሉን ፈትቶ ይሞክራል። የፈታውንም በውሎ መዝገቡ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። ምስጢሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ግልባጩን በር ላይ መለጠፍ ማለት ነው።»

የሟቹ አማች እንባው መጣ። «እኔ ነኝ! ለሙከራ ያስገባኋትን መስመር ማጥፋት ረሳሁ። ወንድምጋሼ ዛሬ ጠዋት ደረሰበትና ‹ለደንበኞቻችን እንናገር› ብሎ አለቃ ጋ ገባ።»

«እንግዲህ ከሟቹ ሌላ መዝገቡን የምታውቁት አንተና ሥራ አስኪያጁ ናችሁ። ሟቹ ትናንት ካዝናውን ረዘም ያለ ቃል እንዲያወጣ አዞት ነበር፤ ቃሉም ዛሬ ጠዋት ተቀየረ። ስክሪኑ ላይ በቃሉ ፋንታ የሚታየው ግን ምንጊዜም ስምንት ነጠብጣብ ብቻ ነው። አማቹ ዛሬም አሥራ ሁለት ነው የሚመስለው። እርስዎ ግን» አለች ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ «ሃያ አሉኝ። ልክ ነዎት፤ ሃያ ነው። ቃሉን በግልጽ ካላነበቡ ከየት አመጡት? ዘበኛውን መኪና እጠብ ብለው ያራቁትም እርስዎ ነዎት። ሰውዬውን አዋርዳለሁ ብለው በራስዎ መሰከሩ።»

ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰለ። «አንድ ደንበኛ አይቀርልኝም ነበር» አለ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ።

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። በሩ ጋ ሲደርስ ልማድ አሸነፈውና፦

«አንተ! ክፈት እንጂ!» አለ።

ዘበኛው የቀላ የእጁን አንጓ እያሻሸ፣ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም።