ክኒኑን የዋጠው አበባ

«እህቴ፣ ተሳስተሻል! እኔ የታመምኩት ልቤን ነው፤ የሰጠሽኝ ግን የራስ ምታት ክኒን ነው።»

የመጀመሪያ ንግግራችን ይሄ ነበር። እሱ አናጢ ነው፤ የጠበበ የልብ የደም ሥሩ ተከፍቶለት ከሆስፒታል መውጣቱ ነበር። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ አርባን ተሻግሬ ያላገባሁ፣ ሰፈርተኛው ከቁጣዬ የተነሳ «እሳቷ» የሚለኝ።

«አልተሳሳትኩም! አስፕሪን ነው፣ አነስ ያለው። ደምዎ እንዳይረጋ፣ የተከፈተው የደም ሥር ተመልሶ እንዳይዘጋ ያግዛል። በየቀኑ አንድ! አንድም ቀን እንዳይዘሉ!»

«ይቺ ሚጢጢ?»

«ይቺ ሚጢጢ!»

ሳቀ። ወይ አሳሳቅ! ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ከጓሮው አበባ ቆርጦ ይመጣ ጀመር። ራሱ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ውሃውን ሲነካካ ይቆያል። «ሲያፍር ደስ ሲል!» እላለሁ በሆዴ። እኔም «አንቱ» ማለቴን ተውኩ።

አንድ ሐሙስ ግን አበባውን አስቀምጦ ዞር ሲል ደረቱን ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዛሬ ክኒንህን ውጠሃል?»

ዓይኑን ወደ አበባው መለሰ።

«አንተን እኮ ነው!»

«አበባው... አበባው ዋጠው።»

«ምን?!»

«አስፕሪን ውሃው ውስጥ ከገባ አበባ ቶሎ አይጠወልግም ሲሉ ሰምቼ... ተመልሼ እስክመጣ ጠውልጎ እንዳትጥይው ብዬ... በመጣሁ ቁጥር የራሴን እጨምርለታለሁ።»

አስፕሪን አስኝኬው፣ በታክሲ ሆስፒታል ይዤው በረርኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለካስ እንዲህ ወድጄው ኖሯል!

ሐኪሙ ወጣ። «በጊዜ ደርሳችኋል፤ ደህና ነው። መድኃኒቱን እየዘለለ ግን ሁልጊዜ ዕድል አይቀናውም» አለኝ።

እንባዬን ጠርጌ ገባሁ።

«አንተ ጅል! አንተ ከሌለህ አበባው ምን ያደርግልኛል? ከአሁን በኋላ በየጠዋቱ እኔ ዘንድ፣ ዓይኔ ሥር ነው የምትውጣት!»

«እስከ መቼ?»

«ሐኪሙ ዕድሜ ልክ ብሏል።»

«ውይ! በየጠዋቱ ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ?»

«ታክሲ ማን አለህ?» ከአፌ ካመለጠ በኋላ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ቀስ እያለ ገባው። የልብ ምቱን የምትቆጥረው ማሽን ጩኸቷን አፋጠነችው፤ ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆኑ? ምንዎን አመመዎት?»

«ኧረ ምንም!» አለ፣ እያለቀሰም እየሳቀም እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ። «ላገባ ነው!»