የፈጠራ ቤት

መምህርቷ የተገኘችው ከደረጃው ግርጌ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ከአንዲት ልጅ በቀር ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከአዋቂ ግቢው ውስጥ የቀሩት ርዕሰ መምህርቷ፣ በር ጠባቂው ሽማግሌና ኮምፒውተር የሚጠግነው ወጣት ብቻ ነበሩ። ወጣቱን ሁሉም ሽቦ ይሉታል።

«ወድቃ ነው» አለች ርዕሰ መምህርቷ፣ መርማሪዋ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጫማውን አየች። እንደ ቀበቶ ከሚቆለፈው ማሰሪያ ቀዳዳዎች አንዱ ሰፍቶ አርጅቷል፤ ሁልጊዜ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። አሁን ግን የሁለቱም እግር ማሰሪያ ምንም ባልተነካ ቀዳዳ ገብቶ ላላ ብሏል።

ደረጃውን ወጣች። ሟቿ ሕፃናትን ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚጠነቀቁ የምታስተምርበት የኮምፒውተር ክፍል እዚያ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ ማንም ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ አይገባም።

አለቃዋ ደወለ። «ወድቃ ነው አሉኝ እኮ። እስከ ነገ ሌላ ነገር ካላመጣሽ መዝገቡን ዝጊው።»

ከትምህርት በኋላ ከመምህርቷ ጋር የቆየችው ሚጢ የምትባል ተማሪ ብቻ ናት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። ሚጢ አፏን ገጥማ ጣሪያውን አየች።

«ቲቸርሽ ምን አለችሽ የኔ ልጅ?»

«አላውቅሽም» አለች ሚጢ።

ስንቱን ወንበዴ ያናዘዘች ሴት የፊት ጥርሷ በወለቀ ልጅ ተሸነፈች።

ወደ ሽማግሌው ሄደች። «አባባ፣ ከውጭ የገባ ሰው አለ?»

«በየት በኩል ልጄ? በሩ ላይ እኔ አለሁ።»

«ምናልባት ሸለብ አድርጎዎት ከሆነስ?»

«ማን ያስተኛኛል? ሁለቱ ሴቶች ሲጨቃጨቁ ነው የዋሉት።»

ርዕሰ መምህርቷ ጭቅጭቁን አልካደችም። «ውሸት አታስተምሪ ነው ያልኳት። ታብሌት ላይ በሚጫወቱት የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ የማያውቁት ሰው ስለ ቤታቸው ሲጠይቃቸው፣ የሌለ ቤት ፈጥረው እንዲናገሩ ታለማምዳቸዋለች። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የፈጠራ ቤት አለው፤ በጆሮዋ ብቻ ነው የሚነግራት።»

«ምን አሳስቧት ነው?»

«የተማሪዎቻችን ቤት እየተዘረፈ ነው። ሰው የማይኖርበት ሰዓት እየተመረጠ። ‹ልጆቹ ናቸው ሳያውቁ የሚናገሩት፣ ወላጅ ልጥራ› አለችኝ። እኔ ከለከልኩ። የትምህርት ቤቱ ስምስ?»

«ይህን ስገባ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ?»

መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች። እዚህ ግቢ ማንም ካልተቆነጠጠ አይናገርም።

ሽቦ ገመድ እየጠቀለለ አገኘችው። «እትዬ፣ እኔ ከሽቦ ሌላ አላውቅም። መምህርቷንም ዛሬ ጭራሽ አላየኋትም።»

«ሚጢ አሳዘነችኝ። ዘራፊ በበዛበት ጊዜ ቤት ብቻዋን ትውላለች መሰለኝ።»

«ለእሷ አይዘኑ!» ብሎ ሳቀ። «ያንን የሚያክል ውሻ እያላቸው ማን ይደፍራል?»

መርማሪዋ ከዚያ በቀጥታ ሚጢ ቤት ሄደች። ፎቅ ላይ ያለች አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። እናትየው ልብስ ሰፊ ነች፤ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ በሩን ከፈተች።

«ውሻ አላችሁ?»

«ውሻ? እኔና ሚጢ ራሱ ከስፌት መኪናው ጋር ተጋፍተን ነው የምናድረው!»

በማግስቱ ሁሉንም ኮምፒውተር ክፍል ሰበሰበቻቸው። በካልሲ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የሽቦ ጉልበት አገጩ ጋ ደርሷል። ሚጢ እናቷ ጉያ ገባች።

«መምህርቷ ደረጃው ላይ አልሞተችም» አለች መርማሪዋ። «ሬሳዋ ላይ ጫማ ያጠለቀላት ማሰሪያውን የት እንደምታስር የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የሞተችው ጫማዋን አውልቃ ነው፤ እዚህ ክፍል። ከውጭ ማንም አልገባም። የገደላት ምስጢሩን ስላወቀችበት ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ልጅ መስሎ ‹እናትሽ መቼ ነው የማትኖረው› እያለ የሚጠይቀው ሰው።» ወደ ሽቦ ዞረች። «ሚጢ ውሻ የላትም። ውሻ ያለው የፈጠራ ቤቷ ውስጥ ነው። አንተ ከየት አወቅኸው?»

ሽቦ ፈገግ አለ። «ግቢ ውስጥ ስታወራ ሰምቼ ይሆናላ። ይሄ ነው ማስረጃሽ?»

‹እትዬ› ቀረ፤ ‹አንቺ› መጣ። ወጣቱ ልክ ነው ግን። ክፍሉ ውስጥ የተገኘው የሚጢ መጫወቻ ታብሌት እንደ አዲስ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። የቀረው የሚጢ አፍ ነው፤ እሱም ለመርማሪ አይከፈትም።

«እርስዎ ይጠይቋት» አለች ለእናትየው።

እናትየው ግራ ገባት። «ሚጢዬ፣ ውሻ አለን ያልሽው ለማን ነው?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ለእኔ? መቼ?»

«ስልክ እያየሽ። ‹በኋላ› አልሽኝ።»

እናትየው ስልኳን ከጭኗ አንስታ ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋችው። «አሁን ንገሪኝ።»

«ለቡቺ ነው። ጨዋታው ውስጥ ያለው ልጅ። ውሻው ቀን ቀን ይታሰራል ወይ አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ።»

«ሌላ ለማን ተናገርሽ?» አለች እናትየው።

«ለማንም። ለቲቸር ብቻ። ቲቸር ትናንት ታብሌቱን ይዛ እኔን እዚህ ክፍል ሽቦ ጋ አመጣችኝ። ቡቺ ማን እንደሆነ ይፈልግልናል አለች። እሱ ‹አንቺ ውጪ› አለኝ፣ ወጣሁ።»

ርዕሰ መምህርቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መርማሪዋ ሽቦን አየችው። «ጭራሽ አላየኋትም ብለኸኝ ነበር።»

የሽቦ ፈገግታ ጠፋ። ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሽማግሌው በሩን በትከሻው ዘግቶ ቆሟል። «አልገፋኋትም፤ ማለቴ... ታብሌቱን አልሰጥም ስትለኝ ነው» አለ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሚጢ የእናቷን ቀሚስ ሳበች።

«ቲቸር የሞተችው ስለነገርኳት ነው?»

መርማሪዋ ለመመለስ አፏን ከፈተች። እናትየው በእጇ አስቆመቻትና ልጇ ፊት ተንበረከከች።

«አይደለም ልጄ» አለች። «እኔ ስላልሰማሁሽ ነው።»