የ214 የግራ መብራት

«ንገሪው!» አሉ አቶ ዘውዴ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ። «የእሱ አውቶቡስ ስልሳ ሰው ሲጭን ወገቤን ይላል። የእኛዋ ግን መቶ ሃያ ሰው አጭቃ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣ ትንፍሽ አትልም ነበር በይው!»

መኪያ ለሚስተር ማኬይ ነገረቻቸው። «ወገቤን ይላል» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት ስላላወቀች ዘለለችው። ሚስተር ማኬይ የተዘለለውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ከት ብለው ሳቁና፣ እንደ ልማዳቸው የፎቶ አልበማቸውን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋ አደረጉት።

«ፎቶ ያምጣ» አሉ በእንግሊዝኛ። «ያለ ፎቶ አላምንም።»

ክርክሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቦታው ፔፕ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው ዶናት ቤት፣ አውቶቡሶቹ ሲገቡና ሲወጡ ከሚታዩበት መስኮት ሥር። ሚስተር ማኬይ የቶሮንቶን አውቶቡስ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አቶ ዘውዴ ደግሞ አዲስ አበባ፣ አንበሳ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መካኒክ ነበሩ፤ አሁን የገበያ አዳራሽ ወለል ይጠርጋሉ። እዚህ አገር አንድ ጋራዥ ሥራ ሲጠይቁ «የካናዳ ልምድ አለህ ወይ?» ተባሉ። ካናዳ ውስጥ ሥራ ሳይሰጡት ሰው የካናዳ ልምድ ከየት እንደሚያመጣ ግን የነገራቸው የለም።

አስተርጓሚዋም ሦስተኛዋ ተከራካሪም የአሥራ አራት ዓመቷ መኪያ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከሱዳን ስትመጣ እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም ነበር። ፍሌሚንግደን ፓርክ ካለው ቤታቸው ስትወጣ የምታነበው ነገር ቢኖር የአውቶቡስ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የመስመሩን ብቻ ሳይሆን የጎን ቁጥሩንም፣ ማለትም እያንዳንዱ አውቶቡስ እንደ ስም የተሰጠውን፣ መስመር ቢቀይር እንኳ የማይቀየረውን። ያንን ደብተር ላይ መመዝገብ ጀመረች። አንድ ቀን 25 ቁጥር ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሰው ደብተሯ ላይ የአማርኛ ፊደል አዩና «ልጄ፣ ዓመተ ምህረቱን ረስተሻል» አሏት። ከአቶ ዘውዴ ጋር የተዋወቁት እንዲህ ነው።

ሕጉንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። «በዓይንሽ ያየሽውን በእስክሪብቶ፣ ከሰው የሰማሽውን በእርሳስ። የአውቶቡስ ሰው አይዋሽም።» በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ስለ አንድ ፍሬን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረው «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አቶ ዘውዴ ሞኝ አይደሉም፣ የያዙትን ባለመልቀቅ ግን ከወረቀትም ይብሳሉ።

የዛሬው ክርክር ስለ ድሮና ዘንድሮ ነበር። ሚስተር ማኬይ የፊት መስተዋቱ እንደ ዓሣ ማኖሪያ ብርጭቆ ወደ ውጭ ያበጠው የድሮው ጂኤም አውቶቡስ ከአዲሶቹ ኦሪዮኖች እንደሚበልጥ ይምላሉ፤ ወይን ጠጅና ክሬም ቀለም ተቀብቶ የነበረበት ዘመን ደግሞ ለእሳቸው ከዘመን ሁሉ ይበልጣል። መኪያ ለኦሪዮን ታደላለች። አቶ ዘውዴ ሁለቱንም ይንቃሉ። ችግራቸው ማስረጃ ማጣት ነው። ሚስተር ማኬይ በነዱት ሁሉ ፊት የተነሱት ፎቶ አላቸው፤ አቶ ዘውዴ ግን አንድም የላቸውም። «ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ የአውቶቡስ ፎቶ ይዞ ይወጣል እንዴ?» ይላሉ። በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ ይሸነፋሉ።

ዛሬ ግን መኪያ ፎቶ ይዛ መጥታለች።

ደብተሯ ውስጥ በፖስታ የተቀመጠው ጥቁርና ነጭ ፎቶ የአባቷ ነው። ሙሐመድሰዒድ ጋዜጣ በብብቱ ይዞ፣ መርካቶ አንድ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ከኋላው አውቶቡስ ቆሟል። መኪያ ስድስት ዓመቷ ሳለ ሰዎች መጥተው ከቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ አላየችውም። አምና ሰኔ ላይ ግን እናቷ ሀሊማ ይህን ፎቶ ይዛ ገባችና «አባታችሁ ተፈታ! ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው ያመጣልን፤ በተፈታ ሳምንት የተነሳው ነው» አለቻቸው። ታናሽ ወንድሟ ጀላል ያን ቀን አልጋው እስኪሰበር ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በሂደት ላይ ነው። ቪዛው ይመጣል፣ አባዬ ይመጣል።

ፎቶው የሚኖረው ግድግዳ ላይ ነው። ዛሬ ያስወረደው ጀላል ነው። ነገ የአባቶች ቀን ነው፤ ጀላል ትምህርት ቤት በሠራው ካርድ ላይ ያችን አውቶቡስ ስሏታል፣ ቀለሟን ግን አያውቀውም። «ጋሽ ዘውዴን ጠይቂልኝ፣ ፕሊስ» ብሎ ለመናት። መኪያም አንድ ድንጋይ ወርውራ ሁለት ወፍ ልትመታ ይዛው ወጣች፤ ለጀላል ቀለሙን፣ ለአቶ ዘውዴ ድሉን።

አቶ ዘውዴ መነጽራቸውን አጠለቁ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሰውየውን ሳይሆን አውቶቡሷን አዩ። የአውቶቡስ ሰው እንዲህ ነው።

«ይቺ ጉደኛ!» ብለው ጮኹ፤ ሻጯ ሳትቀር ዞር ብላ አየቻቸው። «ሁለት መቶ አሥራ አራት! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ራሷ ናት! የግራ መብራቷን እዪው። ከቀኙ ያንሳል አይደል? ዕቃ ስላልነበረን ከአሮጌ የጭነት መኪና ነቅዬ እኔ ነኝ የገጠምኩላት። እንዲህ ያለ መብራት የነበራት በከተማው ሁሉ እሷ ብቻ ናት። ንገሪው! ንገሪው እንጂ!»

መኪያ ነገረቻቸው። ሚስተር ማኬይ ማጉያ መነጽር አውጥተው መብራቱን አዩ፤ አፏጩ፤ ከዚያም ኮፍያቸውን ከራሳቸው ላይ አነሱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሲያነሱ አይታቸው አታውቅም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» አሉ አቶ ዘውዴ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ቀይና ቢጫ ነበረች በይው ወንድምሽን። ደማቅ ቀይ።»

መኪያ ደስ አላት። ደብተሯን ገለጠችና አዲስ መስመር ጀመረች፤ የጎን ቁጥር፣ ከተማ፣ ቀለም። የመጨረሻው ዓምድ ‹አሁን ያለችበት› ይላል። ‹በሥራ ላይ› ወይም ‹ወጥታለች› ተብሎ ነው የሚሞላው።

«በሥራ ላይ ናት አይደል?» አለች እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ።

«ማ? እሷ? አዬ ልጄ!» ብለው ሳቁ። «በሰባ ዓመተ ምህረት ክረምት ሞተሯ ተቃጠለና ጋራዥ ተጎትታ ገባች። የፈታኋት እኔው ነኝ። በሯን ለአንዷ፣ ወንበሯን ለሌላዋ አከፋፍለን፣ መስከረም ሳይጠባ ቆርቆሮዋ ተጭኖ ወጣ። ያቺን መብራት እንኳ ለማስታወሻ ብዬ ቤቴ ወስጃት ነበር።»

እስክሪብቶው ባለበት ቆመ። ሰባ ማለት በፈረንጅ ሰባ ስምንት ነው፤ ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት። ሂሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀባትም፤ አውቶቡስ ስትመዘግብ ሁልጊዜ የምትሠራው ሂሳብ ነው።

«ፎቶው እኮ አምና ነው የተነሳው፣ ጋሽ ዘውዴ» አለች። «አባዬ እንደተፈታ።»

አቶ ዘውዴ ሰውየውን ያዩት ገና አሁን ነው። ጋዜጣውን አዩ፣ ሳቁን አዩ፣ ከዚያ የመኪያን ፊት አዩ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሹር ነዎት?» አለች መኪያ። «መብራቷን እርስዎ ነዎት የገጠሙት?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። «ያረጀ ዓይን ነው። መብራት መቀየር ምን ይገርማል፣ ማንም ሊቀይር ይችላል። ሌላ አውቶቡስ ትሆናለች። ተሳስቻለሁ መሰለኝ። አዎ፣ ተሳስቻለሁ።»

ፎቶው የድሮ መሆኑን መኪያ ያመነችው ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣችውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ሁለቴ አሏት። ሚስተር ማኬይ ኮፍያቸውን እንደያዙ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ጠየቁ። አልተረጎመችላቸውም። ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰችና ተነሳች።

ወደ ቤት በ25 ቁጥር ተመለሰች። የጎን ቁጥሩን ሳታይ ስትሳፈር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አምና «አባዬ ታስሮ ሲኖር ለምን አላረጀም?» ብላ እናቷን ጠይቃት ነበር። «ዕድሜ የማይታይበት ሰው ነው» ብላ መለሰችላት፤ መኪያም አመነች። ማመን ፈልጋ ነበርና በራሷ ተናደደች። በእናቷ ደግሞ የባሰ ተናደደች። አውቶቡሱ ሸለቆው ላይ ያለውን ረጅም ድልድይ ሲሻገር ግን ንዴቱ አለቀባትና ከሥሩ የነበረው ብቻ ቀረ። አባቷ አይመጣም። ቪዛ የለም፣ ሂደት የለም። የሚጠበቅ ሰው የለም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የጀላልን ሱሪ ትሰፋለች። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ዛሬ ኦፍ ናት። ጀላል ካርዱን ዘርግቶ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቷል።

«ከለሩን ጠየቅሽልኝ?»

«ቀይና ቢጫ። ደማቅ ቀይ።»

«የስ!» ብሎ ተነሳ። «ቀይ ክራዮኔ መኝታ ቤት ነው!» እየሮጠ ገባ።

መኪያ ፎቶውን እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«ጋሽ ዘውዴ አውቶቡሷን አወቋት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሰባ ነው የፈቷት። በእጃቸው።»

የሀሊማ መርፌ ጨርቁ ውስጥ ቆመ። አልካደችም። መኪያ እንድትክድ ፈልጋ ነበር፤ እንድትቆጣ፣ «ያ ሽማግሌ ምን ያውቃል!» እንድትል።

«ፎቶው ከአገር ከወጣንበት ጊዜ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር» አለች እናቷ። «አምና ጀላል የአባቶች ቀን ካርዱን ይዞ መጣ። ‹ልጆቹ ሁሉ ለአባታቸው ይሰጣሉ፣ እኔ ለማን ልስጥ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

«እኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለብቻሽ ልነግርሽ ነበር። ግን አንቺም አብረሽው ሳቅሽ። አባትሽ ከተወሰደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። አፌ ተያዘ።»

መኪያ ፎቶውን ወደ ራሷ ሳበችው። «እስካሁን ታስሮ ሊሆን አይችልም? አንድ ቦታ…»

«እስር ቤት ስንቅ ይዤለት ሄድኩ» አለች ሀሊማ። ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር፤ ይህ ነው መኪያን ያስፈራት። «‹ከእንግዲህ አታምጪ› አሉኝና ልብሱን ጠቅልለው ሰጡኝ። ኮቱን፣ ጫማውን። እሱን አልሰጡኝም።»

ከመኝታ ቤት ጀላል መሳቢያ ሲያተራምስ ይሰማል። እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«መኪዬ፣ ገና ስምንት ዓመቱ ነው» አለች። ንገሪው አላለቻትም፤ አትንገሪውም አላለቻትም።

ጀላል ክራዮኑን ከፍ አድርጎ ይዞ ተመለሰ። ወለሉ ላይ ተደፍቶ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ቀይ ቀባ፣ ቢጫ ቀባ፣ ፎቶውን እያየ ጎኗ ላይ 214 ብሎ ጻፈ። የግራ መብራቷንም ከቀኙ አሳንሶ ሳለው። ማንም ሳይነግረው አይቶት ኖሯል።

«ደብተርሽ ላይ ጻፍሻት?» አለ።

«ጀምሬያታለሁ።»

«አሳዪኝ!» መጥቶ ትከሻዋ ላይ ተደገፈ። እናቷ ፊደል እያስቆጠረችው ስለሆነ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መጨረሻው ዓምድ ላይ ደረሰና ጣቱ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ከትንሽ የቀለም ነጥብ በስተቀር ምንም የለም። «ይሄ ባዶ ነው። አሁንም ትሠራለች? አባዬ ወደ ኤርፖርት ሲሄድ በእሷ ይሄዳል?»

መኪያ ወደ እናቷ አየች። እናቷ ሱሪውን ታያለች፤ የተሰፋውን ቦታ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ታሻለች። እስክሪብቶው መኪያ እጅ ላይ ነው። የምትጽፈው አንድ ቃል ነው፤ ጀላልም ፊደል በፊደል እየቆጠረ ያነበዋል።

እስክሪብቶውን ከደነች። ከቦርሳዋ እርሳሷን ፈልጋ አወጣች።

«ለምን በእርሳስ?» አለ ጀላል።

«በዓይኔ አላየኋትማ» አለችው።

«በሥራ ላይ» ብላ ጻፈች፣ እርሳሱን ብዙም ሳትጫነው።